ዛፉ ሾላ ነበር

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም መጽሐፌን ተሸክሜ ቦሌ ወጣሁ። ራሱ ያሳተመ ራሱ ያዙር! በቴሌግራም ያዘዘችኝ ልጅ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ካፌ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ሰላም ትባላለች። አዲስ የቃል ኪዳን ቀለበት አድርጋለች።

"ተውሼ አንብቤው ነበር፤ የራሴ እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው" አለችኝ። "ለጫጉላ ሐዋሳ የምንሄደው በአንቺ መጽሐፍ የተነሳ ነው። ፍቅረኛሞቹ የሚለያዩበት ዋርካ ሥር ፎቶ እንነሳለን።"

ደስ አለኝ። ያን ምዕራፍ እዚያው ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።

"እጮኛዬ ግን ያስቀኛል። ያን ቦታ ሳነብለት፣ ዛፉ ዋርካ ሳይሆን ሾላ ነው ብሎ ድርቅ አለ!"

ልፈርምላት ያወጣሁት እስክሪብቶ እጄ ላይ ቀረ።

ሾላ ነበር። ታሪኩ የእኛ መሆኑ እንዳይታወቅ ብዬ ዋርካ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያን ዛፍ የሚያውቀው ሥሩ ቆሞ "ጠብቂኝ" ብሎኝ የሄደው ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስጠብቀው ነበር።

"ለማን ብዬ ልፈርም?" አልኳት፣ እያወቅኩት።

"ለሰላምና ለዮናስ በይልኝ።"

ጻፍኩላት። ከፊርማዬ ሥርም "እጮኛሽ ልክ ነው፤ ሾላ ነው" ብዬ ጨመርኩ።

አንብባ ሳቀች። "እንዴት አወቀ ግን?"

"እሱን ጠይቂው" አልኳት።

የመጽሐፉን ክፍል ሁለት ግማሽ አድርሼዋለሁ። እዚያው ዛፍ ሥር ተመልሶ ይመጣል ብዬ ነበር የጻፍኩት...