በተሳፋሪው በኩል ፍሬን የለም

ለውዷ ባለቤቴ ለሰብለ፣

ሰብልዬ፣ ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው፤ ነገ ሙት ዓመትሽ ነው። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ለመጀመር ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት። መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጠየቅ እንደማልወድ ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ፤ የምጽፍልሽ ስለ መኪናሽ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ልጃችን ሕሊና ነገ ጠዋት ያንን መኪና ራሷ ነድታ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ ወይስ አትሂድ የሚለውን መወሰን ስላቃተኝ ነው።

የጠየቀችኝ ይህንን ብቻ ነው። ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ መኪናውን የአገራችን ሰዎች ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከቅመማ ቅመም ሱቁ ፊት ለፊት ልታቆመው ትፈልጋለች፤ አንቺ በዚያ ባለፍን ቁጥር «አንድ ቀን እዚህች ጋ ነው ፓርክ የማደርገው፤ ያን ቀን የማያውቀኝ ሁሉ ያውቀኛል» ትዪበት በነበረው ቦታ። ቀኑ በቀረበ መጠን የእኔ እንቅልፍ እየራቀ መጥቷል።

አስቀድሜ የቤቱን ሁኔታ ልንገርሽ። ልታጸጂው ፈትተሽ የተውሽው ካርቡራተር ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ የሚገባው ቦታ ገብቷል። የጠረጴዛው ልብስ ግን ስንት ጊዜ ታጥቦም የቤንዚን ሽታው አልለቀቀውም፤ ልጥለው አልፈለግሁም፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ አነሣዋለሁ። ሕሊና የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳለች። አትቁረጪው እያልሽ ስትለምኛት የኖርሽውን ጸጉሯንም አሳጥራ ተቆርጣዋለች፤ ያምርባታል። እኔ እዚያው የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪው ውስጥ ነኝ። ከሥራ ስመለስ በጓሮ በኩል እገባለሁ፤ በመጠለያው ሥር የቆመውን መኪና ሳላይ ደረጃውን መውጣት አልችልም።

ያ መኪና የመጣበት ቀን ትዝ ይለኛል። በምትሠሪበት የመኪና ማቆሚያ ደንበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ከጓሯቸው እንዲነሣላቸው ብቻ ብለው በርካሽ ሰጡሽ። ተጎትቶ ሲደርስ እኔ ያየሁት አንቺ የነገርሽኝን የስልሳዎቹን ዓመታት ዝነኛ መኪና፣ ሙስታንግን ሳይሆን፣ ዝገት የበላውንና አይጥ ወንበሩ ውስጥ የተራባበትን የብረት ክምር ነበር። የት ይቆማል፣ በምን ይታደሳል፣ ማን ይሠራዋል ብዬ ጠየቅሁሽ። ናዝሬት፣ አባትሽ ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ እየጠረግሽ ያደግሽው አንቺ የመለስሽልኝ የመጨረሻውን ብቻ ነበር፤ «እኔ!»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላሽን አጣጥፈሽ የኋላ ወንበር ላይ ታስቀምጪና ቱታሽን ደርበሽ ወደ አሮጌ መኪናዎች ግቢ እንሄድ ነበር። አዲስ ዕቃ መግዛት ለእኛ የሚታሰብ አልነበረምና፣ ከሞቱት መኪናዎች ላይ ራስሽ እየፈታሽ ታወጪ ነበር። የግራው በር ቀይ፣ ኮፈኑ ሰማያዊ የሆነው እንዲህ ነው። ሰው በሳቀብሽ ቁጥር «ቀለም ሲቀባ አንድ ይሆናል» ትዪ ነበር። ቀለሙንም መርጠሽ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ። የናሙናው ቁራጭ አንቺ በለጠፍሽበት፣ ማቀዝቀዣው ላይ አሁንም አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኮሮላችንን የምትነጂው አንቺ ነበርሽ። እኔ በጎንሽ ተቀምጬ፣ ከፊታችን ያለው መኪና የኋላ መብራቱ በቀላ ቁጥር ቀኝ እግሬ ሳላዝዘው ወለሉን ይረግጥ ነበር። አንቺም ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «ፕሮፌሰር፣ በዚያ በኩል እኮ ፍሬን የለም!» ትዪኝ ነበር። ሕሊና ከኋላ ወንበር ትስቅብኝ ነበር። ፕሮፌሰር አለመሆኔን ሦስታችንም እናውቃለን።

ከመለየትሽ በፊት ሞተሩን አስነሥተሽው ነበር። የቀሩት ፍሬኑና ቀለሙ ነበሩ። ከሥራው ሁሉ ለእኔ የተረፈኝ ከሁሉ የምፈራው ክፍል መሆኑን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የማይሄድ መኪና ያናድዳል እንጂ ሰው አይጎዳም፤ የማይቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ቢሆንም ጀመርነው፤ ሕሊናና እኔ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ወዳጃችን ጋሼ ደምሴ ከኢንግልዉድ ሰፈር እየመጡ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከቱን ነበር። ታክሲ መንዳት ካቆሙ ወዲህ የሚቆጡት ሰው እንዳጡ ታውቂያለሽ፤ አሁን እኔን አግኝተዋል።

በአንዱ ቅዳሜ መሪው ሥር ተንጋልዬ የፔዳሉን ዘንግ ሳጠብቅ ለሕሊና «የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል፤ ዘይት ጨምሪበት» አልኳት። ጨመረች። ወጥቼ እጄን ስጠርግ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ኮፈኑ ሥር የተቀመጠውን ጠርሙስ አየሁት። የሞተር ዘይት ነበር።

ምን እንዳደረገች ስጠይቃት ግራ ተጋብታ አየችኝ። «አባዬ፣ ዘይት አልከኝ፤ ዘይት ደግሞ ኦይል ነው፤ ሶ ኦይል ጨመርኩ» አለች። በእንግሊዝኛ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ አትሳሳትም ነበር፤ በዚያ ቋንቋ የፍሬኑ ፈሳሽ ዘይት አይባልም። እኛ ግን ሁለቱንም ዘይት እንላለን። ልጃችን የተሳሳተችው አማርኛውን አጥርታ ስለሰማችና ቃሌን እንዳለ ስለፈጸመች ነው። አንቺ ዘይት ስትዪ እኔ ተሳስቼ የማላውቀው እጅሽ ሁልጊዜ ወደ ጠርሙሱ ይጠቁም ስለነበር መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

እንደ ሞተር ዘይት ያለ የማዕድን ዘይት ለፍሬን የተሠራን ላስቲክ ምን እንደሚያደርገው ከሙያዬ የተነሣ አውቃለሁ፤ ቀስ እያለ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ከሁሉ ያስፈራኝ «ቀስ እያለ» የሚለው ነው። ያን ዕለት ፔዳሉን ብንረግጠው ጠንካራ ይሆን ነበር። በማግሥቱም እንዲሁ። ጠርሙሱን ሳላየው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ፣ ፍሬኑ የሚከዳው ሁላችንም ካመንነው በኋላ፣ ምናልባትም ሕሊና ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ተከትላ ስትነዳ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ቀለል አድርገው አዩት። «ቅዳውና በአዲስ ሙላው፤ እኛ በታክሲ ዘመናችን ስንቱን አሳልፈናል!» አሉኝ። አክብሬ እምቢ አልኳቸው። ዘይቱ የነካው ላስቲክ ሁሉ ይለወጣል አልኩ። እሳቸውም ወደ ሕሊና ዞረው፣ «አባትሽ እኮ ውኃ ሲመረምር ኖሮ ውኃ መጠጣት የሚፈራ ሰው ነው» አሏት።

እዚህ ላይ ሳትሰሚው እንዲቀር የማልፈልገው ነገር አለ። ገንዘቡ ለቀለሙ የተቀመጠው ብቻ ነበር። የዱሮው ፍሬን መስመሩ አንድ ነው፤ በአንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ሁሉን ከፈታሁት ዘንድ ለፊትና ለኋላ ጎማ ለየብቻው የሚሠራውን ዓይነት ልግጠምለት አልኩ። እሱን ስገዛ አረንጓዴው ቀለም ቀረ። ሕሊና ማቀዝቀዣው ፊት ቆማ «እማዬ እኮ አረንጓዴ ነው ያለችው» አለችኝ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናሽ ነገ ከወጣ የሚወጣው በቀይ በሩ፣ በሰማያዊ ኮፈኑና በግራጫ ገላው ነው። የማያውቅሽ ሁሉ የሚያውቅሽ እንዲህ ሆኖ መሆኑ ከብዶኛል። ሆኖም ደግሜ ባስብበት ደግሜ የማደርገው ያንኑ ነው።

መስመሩ ተጠርጎ፣ ላስቲኩ ተለውጦ፣ ትክክለኛው ፈሳሽ ከተሞላ በኋላ አየሩን የማስወጣት ሥራ ቀረን። ትዝ ይልሻል፣ ኮሮላው ላይ ስንሠራው አንቺ ከሥር ትገቢ ነበር፤ እኔ ፔዳሉ ላይ ነበርኩ፤ ምንም ውሳኔ የማይጠይቀው ቦታ እሱ ስለሆነ። «ርገጥ! ያዝ! ያዝ አልኩህ እኮ! ልቀቅ!» ስትዪ የሚሰማው ጎረቤት የተጣላን ይመስለው ነበር። አሁን ከሥር የገባሁት እኔ ነኝ። «ርገጪ» እላለሁ፤ ሕሊና ትረግጣለች፤ ትንሿን ብሎን ስከፍት አረፋ ያለው ፈሳሽ በቱቦው ይወርዳል፤ «ያዢ» እላለሁ፤ እዘጋለሁ። አረፋው ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ አስረግጫታለሁ። «አባዬ፣ እግሬ ዛለ» ስትለኝ ነው የተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ እየነዳሁ ስፈትነው ከርሜያለሁ። በዝግታ፣ ፈጠን ብዬ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሞተሩ ሞቆ። አንድም ጊዜ ወደ ጎን ሳይጎትት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን ነጭ ወረቀት አንጥፌ አሳድሬያለሁ፤ ጠብታ የለም። ጋሼ ደምሴ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጎማው መሄድ ሳይጀምር በመቆም ብቻ አለቀ እኮ!» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን በማግሥቱም ሞከርኩት።

አሁን እውነቱን መመርመር ያለብኝ ይመስለኛል። መኪናው ላይ ያልፈተንኩት ነገር አልቀረም፤ ፍርሃቴ ግን አንድ ጣት አልቀነሰም። ታመሽ ሳለ የሐኪም ምርመራሽ ውጤት መልካም ነው በተባልን ሰሞን ነው ያጣንሽ። ማንም አላጠፋም፤ ምርመራው የሚያየውን አይቶ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መልካም ውጤት ባየሁ ቁጥር አዲስ ፈተና አወጣለሁ። በዚህ ከቀጠልኩ ሕሊና ይህን መኪና የማትነዳው ፍሬኑ ስላልሠራ ሳይሆን አባቷ ስላልሠራ ይሆናል።

ትናንት ከሥራ ስመለስ በተሳፋሪው በኩል በሩን ከፍታ፣ ወለሉ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። የሙጫ ሽታ ነበር። «አባዬ፣ ና ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከፍሬኑ ፔዳል ላይ ያነሣነውን አሮጌ ላስቲክ፣ ያን አንድ ጥጉ የተበላውን፣ ቀኝ እግሬ የሚያርፍበት ወለል ላይ አጣብቃዋለች። «ይኸው ፕሮፌሰር፣ አሁን ባንተም በኩል ፍሬን አለ። ኦኬ?»

ድምፁ የእሷ ነበር፤ ፊቷን ሳታዞር መናገሯ ግን ያንቺ ነው። ላስቲኩን ረገጥኩት። ልሳቅ ብዬ አልሆነልኝም።

ሰብልዬ፣ ይህን ስጀምር አልወሰንኩም ነበር። አሁን ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ የቁርስ ሳህኗ አጠገብ፣ ቤንዚን በሚሸተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የናሙናውን ቁራጭም ከማቀዝቀዣው ላይ አንሥቼ መኪናው ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ፌርፋክስ ላይ ስንቆም የሚጠይቅ ቢኖር አረንጓዴ ነው እላለሁ። ትነዳለች። እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ከፊታችን መብራት በቀላ ቁጥር እግሬ እንደሚረግጥ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ያ ላስቲክ ምንም እንደማያቆምም አውቃለሁ። መኪናውን የምታቆመው ልጅሽ ናት። እኔ ግን በረገጥኩት ቁጥር አንቺን እሰማለሁ፤ እግሬ እስከታዘዘልኝ ድረስ መርገጤን አልተውም።

ባለቤትሽ