ሳላንኳኳ ያሳለፍኩት

ይድረስ ለልጄ፣ ለግሬደር ነጂው።

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? የካምፑ አቧራ ደረትህን እንዳይገባ አፍህን በጨርቅ ሸፍን ብዬህ ነበር፤ እንደማትሸፍን አውቃለሁ። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ስነሳ ብቻ ስለሆነ መነሳት ቀንሻለሁ። ሚስትህ ደህና ናት፤ አንድ ቀን ከሥራዋ አልቀረችም። ልጅህ እጁ የበሩን መቀርቀሪያ ደርሷል። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስለምትጮህ ነው። አንተ ስትጮህ እኔም እጮሃለሁ፤ ተጯጩኸን መስመሩ ይቋረጥና ነገሩ እንደቆመ ይቀራል። ደግሞም ጥፋቱ የተሠራው በወረቀት ነው፤ በወረቀት ይስተካከል።

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ አላፍርበትም፣ የቆጠሩትንም አይቻለሁ። የምትጽፍልኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ባለፈው ዓመት ልጅህን ያየችው፣ አራት ቁጥር ክፍል ያለችው። ሥራዋን ጨርሳ፣ ጋዋኗን በር ላይ ሰቅላ ነው የተቀመጠችልኝ። ስለ ራሷም ክፉ ክፉውን አስጽፋታለሁ፤ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ ብያታለሁ። አልቀንስም ብላለች። እናያለን።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ልጅህ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ክትባት ደረሰ። ሚስትህ ያን ቀን ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የጠዋት ተረኛ ስለነበረች እኔ ወሰድኩት። አግዳሚው ላይ ስልሳ ልጅ ይጮሃል። ያንተ ልጅ ግን ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ አንጋጦ እያየ ጭጭ አለ። አያችሁ ጨዋ ልጅ፣ እያልኩ ለጎረቤቶቼ አሳየሁ። ተራችን ሲደርስ ሲስተሯ ከመርፌው በፊት ወረቀት አለ አለችኝ። ሃያ ጥያቄ። ቀና ሳትል ማንበብ ጀመረች። ይኸው ጻፊው፤ ቀና ሳትል። ጽፋዋለች።

ጥያቄ ይበሉት እንጂ ስድብ ነው። ስሙን ሲጠሩት ዞር ይላል ወይ? ሲስቁለት ይስቃል ወይ? ዐይንዎን ያያል ወይ? ጆሮው አይሰማ ይሆን ብለው ጠርጥረው ያውቃሉ ወይ? ጆሮው! የማንን የልጅ ልጅ ነው የምትጠይቂው? ባቡር ጣቢያው ሁሉ ጆሮው ብሎ የሚጠራኝን ሰው! ከኋላዬ ደግሞ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አንገቷን እንደ ሰጎን አስግጋ ታዳምጣለች። ነገ ሰፈሩ በሙሉ በእኔ ዘር ላይ እንዲቀልድ ነው? ቱግ አልኩ። ዞር ይላል አልኩ። ይስቃል አልኩ። ያያል አልኩ።

ጣቱን ቀስሮ የፈለገውን ያሳያል ወይ አለችኝ። እንዴታ፣ ያሳያል አልኳት። እንዴት እንደሚያሳይ ልንገርህ። አንጓዬን ይይዝና፣ እጄን እንደ መፍቻ አንስቶ፣ የሚፈልገው ዕቃ ላይ ይጥለዋል። ፊቴን አያይም። መፍቻ ፊት የለውማ! እኔ ግን አያቱን እንደ አለቃ ያዘዋል እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራ ነበር።

ሁሉም ጥያቄ አዎ አይባልም፤ አንዳንዱ አይደለም መባል አለበት። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ከድምጿ ይገባኝ ነበር። በመዶሻ እያንኳኳ ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ብረት ያዳመጠ ጆሮ የሰው ድምፅ አይስተውም። የተዘጋጀውን መልስ እየሰማሁ መለስኩላት። ወደ መጨረሻው ላይማ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የምመልሰው። ከታች የተናገርኩት እውነት ነው የሚል መስመር አለ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩበት። የሚያሰጋ ነገር የለም አለችኝ። ልጁን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ፣ በዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፊት ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ሚስትህ ልጄ የያዛቸውን ሁለት ቃላት ጣላቸው፣ ስጠራው አይሰማኝም፣ እንደገና ይታይልኝ ማለት ጀመረች። ወንድ ልጅ አፉ ዘግይቶ ነው የሚፈታው አልኳት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አልኳት። ይኼ ሁሉ አልበቃኝ ብሎ ላንተ ደውዬ ሚስትህ በልጅህ ላይ በሽታ እየፈለገች ነው አልኩህ። አንተም ወረቀቱ ደህና ነው ብሏል፣ ከዛሬ በኋላ ልጄን ይዘሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ብትዞሪ ቤቴን ልቀቂ አልካት። ቃሉ ያንተ ነው፤ የተፀነሰው ግን እኔ ሆድ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ስልኩን ዘግታ የልጁን ልብስ ስታጣጥፍ አየኋት፤ አንዷን ሸሚዝ አራት ጊዜ አጠፈቻት። ደስም ብሎኝ ነበር። ይህንንም ጻፊ።

አንተ ላይም ገና አልጨረስኩም። እናቱ በየቀኑ አጥባ አብልታ በምታሳድገው ልጅ፣ አንተ በዓመት ሁለት ጊዜ በምታየው፣ ወረቀት ይዘህ ተከራከርካት! አባትህ ማንበብ አይችልም፤ አንተ ትችላለህ። ወረቀቱን ማን እንደሞላው አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ?

የጣቢያውን ሹም ታሪክ መቶ ጊዜ ነግሬሃለሁ፤ መቶ አንደኛውን ስማ። መንገደኛው በየመስኮቱ ይጮሃል፣ ሹሙ ሰዓቱን እያሳየ ልቀቀው ይላል፣ እኔ መዶሻዬን ይዤ ከባቡሩ ሥር ነኝ። ጤነኛ መንኮራኩር ሲያንኳኩት ይዘምራል፤ የተሰነጠቀ እንደ ገል ነው የሚለው። አንዱ እንደ ገል አለኝ። ዐይን የሚያየው ስንጥቅ የለውም። ሹሙ በዐይኑ አይቶ ደህና ነው አለኝ፤ እኔ ካላንኳኳሁት ደህና አልልም፣ ያንኳኳሁት ደግሞ ደህና አይደለም ብዬ ባቡሩን አቆምኩት። ሲፈታ ስንጥቁ ከውስጥ ግማሽ ደርሶ ተገኘ። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ መንኮራኩር ሳላንኳኳ አላሳለፍኩም። በዚህ ነው ስምህን ያስከበርኩልህ። የልጅ ልጄን ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሃያ ጊዜ፣ ሳላንኳኳ አሳለፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስትህ ሥራ ሄዳ እኔና እሱ ግቢ ውስጥ ነበርን። እሱ የውሃ ጀሪካን ክዳን ያሽከረክራል፤ ጠዋት የጀመረውን እስከ ቀትር አልተወም። ያቺ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳት የሐዲድ ቁራጭ ትዝ አለችኝ። ምናልባት ጆሮው ይሆን ብዬ መዶሻዬን አወረድኩና ከጀርባው ሆኜ በቀስታ አንኳኳኋት። ክዳኑን ጥሎ ዞረ። እየሳቀ መጣና ጉንጩን ብረቱ ላይ ለጥፎ ድምፁ እስኪያልቅ አዳመጠ። የእኔ ጆሮ ነው ያለው፣ ምንም አልጎደለውም! ከደስታዬ ብዛት ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ክዳኑ ተመለሰ። መዶሻውን አስቀመጥኩና ስሙን ጠራሁት። አንድ ጊዜ። ሁለት። እያቆላመጥኩ ጠራሁት፣ እየተቆጣሁ ጠራሁት። ዐሥራ አንድ ጊዜ። ለብረቱ ዞሮ ለእኔ አልዞረም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮቴን ለብሼ አራት ቁጥር ክፍል ገባሁ። ዋሽቼሻለሁ አልኳት። የቱን አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት የሄድኩ እንዳይመስልህ፤ ልጮህባት ነው የሄድኩት። የባቡሩ መንኮራኩር ደህና ነው ወይ ብሎ ነጂውን የሚጠይቅ ማን አለ? ነጂው መሄድ ነው የሚፈልገው፣ ደህና ነው ይላል! ለዚህ ነው መዶሻ የያዘ ሌላ ሰው የሚቀጠረው። አንቺ መዶሻሽ የታለ? አያትን ስለ ልጅ ልጁ ጠይቀሽ እውነት ትጠብቂያለሽ? ልጁ እኮ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አንድ ጊዜ ስሙን ብትጠሪው ምን ነበረበት? እያልኩ ጠረጴዛዋን ደበደብኩ። እሷም ቀላል አይደለችም። በቀን ስልሳ ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ አለች። ወረቀቱ ፍርድ አይደለም፣ ይህን ልጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት የሚል ደወል ነው፤ ደወሉን በእጅዎ ያፈኑት እርስዎ ነዎት አለችኝ። መልስ አጣሁ። በዕድሜዬ መልስ ሳጣ ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ሁሉ በበሯ ሲገባ እሷው ራሷ ከጎን ሆና ስሙን ትጠራለች፤ ዛሬ ተቀምጬ ሳይ ነበር። ይህን ልጽፈው አይገባም ብላ ነበር፣ አስገድጃታለሁ።

ያን ሰኞ ሃያውን ጥያቄ እንደገና ጠይቂኝ አልኳት። ጠየቀችኝ። አሁን ግን እያንዳንዱን ከመመለሴ በፊት ልጁን በልቤ አምጥቼ እያየሁት ነው የመለስኩት። ስሙን ሲጠሩት ዞር ይላል ወይ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን በልቤ የመጣው ሌላ ልጅ ነበር።

መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጣሁት ለእናትህ ነው። ታላቅ ወንድምህን አታውቀውም፤ አንተ ስትወለድ እሱን ካጣነው ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። አባቱን አልሰማ ያለ ልጅ ምን እንደሚያገኘው ላስተምርህ ስል በእሱ እያስፈራራሁ ነው ያሳደግኩህ። ሐዲድ ላይ አትውጣ፣ ወንድምህ ና ብዬ ስጠራው በእምቢተኝነቱ ነው ባቡር የበላው እያልኩ። ያን ባልኩ ቁጥር እናትህ ክፍሉን ትታ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆም አለችና እምቢ ያለህ ሰምቶህ ነው ወይ አለችኝ። አምስት ዓመቱ ነበር። እሱም የፈለገውን ሲያሳየኝ አንጓዬን ነበር የሚይዘው። ከዚህ በላይ አላስጽፍም። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አቁማለች፤ ቀጥይ ብያታለሁ።

አሁን የምትሠራውን ስማ። ነገሩ ኦቲዝም የሚሉት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል ትላለች፤ የሚለዩት ትልቁ ሆስፒታል ያሉት ባለሙያዎች ናቸው። ቢሆንም እርግማን አይደለም፣ የእናቱም ጥፋት አይደለም፤ ገና በጠዋቱ ከተያዘ በጨዋታ፣ በትዕግሥት እያስተማሩ ብዙ መንገድ ያስኬዱታል። አንድ ዓመት አባክነናል፣ ዕድሜውን ግን አላባከንም ብላኛለች። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ልትተርትብኝም ነበር፤ ተረቱን ተይልኝ፣ የተቃጠለውን እኔ አውቃለሁ አልኳት። ቀጠሮው የሚመጣው ወር በገባ በዐሥረኛው ቀን ነው። ሲስተሯ ሚስትህን አስጠርታ ስትነግራት የከለከለኝ ባሌ ነው፣ እሱ ራሱ አፉን ከፍቶ ሂጂ ካላለኝ አልሄድም፣ ልጁን ደብቃ ወሰደች አልባልም ብላታለች። እውነቷን ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ደውል። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ቀጥሎ ሂጂ፤ ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ። ከዚያ ፈቃድ ጠይቀህ ና፣ ከቀጠሮው በፊት እዚህ ተገኝ። መንገዱ ያለ አንተም ይጠረጋል።

ደብዳቤው ሳይታሸግ ሚስትህ ታነበዋለች። በቃሌ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉልበቴ አወራሁ።

ፈጣሪ ከሚናድ አፈር፣ ከሚገለበጥ መኪና ይሰውርህ። የጠረግከው መንገድ ሰው በሰላም የሚገባበት ይሁን። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃው፤ ወጉም ማዕረጉም እንደ ራሱ ይሁንለት። ለእናቱ ያጎደልኩባትን ዕንቅልፍ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ይመልስላት።

ከታች ያለው የቀኝ አውራ ጣቴ ነው። ያኛው ወረቀት ላይ ያረፈውም እሱ ነው፤ ያኛውን ቅደዱና ይህን እመኑ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስትመጣ ከበሩ ላይ ሆነህ ስሙን አትጥራ። ዞረህ በፊቱ ግባ፣ ከቁመቱ እኩል ተቀመጥ፣ ዐይኑ እስኪያገኝህ ታገስ፣ ከዚያ በቀስታ ጥራው። ቢዘገይ አትቆጣ።

እኔ ወንድምህን ያን ቀን ከሩቅ ነው የጠራሁት።

አባትህ