የይማም ፊሽካ

ሞጣ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ልጄ ፋንታ፣ የሞጣው ጊዮርጊስ ከፊትህ ይቅደምልህ፤ ባዕዱን ሁሉ ዘመድ ያድርግልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እህትህ ይርጋነሽ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ጤፉም ታጭዶ ተከምሯል። የኪየቭ ብርድ አጥንት ይሰብራል አሉኝ፤ ጋቢውን ደርበው፣ ምን ይሉኛል አትበል።

አንተ የተሳፈርክበት የአውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቷል። ድሮ ዘበኛው ይማም ፊሽካውን ሲነፋ ከብቱን ከሜዳው እየነዳን፣ ነጠላችንን እያጣፋን አውሮፕላኑን ልናይ እንሰበሰብ አልነበር? ዛሬ ሜዳው ግጦሽ ሆኗል፤ ይማምም በዚያው ፊሽካ ለቀበሌ ስብሰባ ይጠራናል። ይህን ለላሞቹ ማን ይንገራቸው! ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ማንም ሳይነዳቸው ተሰልፈው ከሜዳው ይወጣሉ። ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ ግን አልስቅም፤ እኔም እኮ ፊሽካውን ስሰማ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

ልጄ፣ ትምህርትህን ስትጨርስ እዚያው አትቅርብኝ። በዓባይ ድልድይ በኩል በአውቶቡስ ብትመጣም ግድ የለም። ይማም እንደሆነ፣ «እትዬ፣ ፋንታ የመጣ ዕለት ፊሽካውን ለሱ እነፋለሁ፤ ያን ቀን እንኳ ላሞቹ በከንቱ አይወጡም» ብሎኛል።

እስከዚያ ዕድሜ ይስጠን።

እናትህ ባንቺዓለም