አባዬን ያላጀብኩበት ቀን

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ቀበሌ እንደተማርነው በግለ ሂስ ልጀምር፦ እኔ ጓድ ሰናይት፣ ዛሬ አብዮታዊ ግዴታዬን ጥዬ ከጓደኛዬ ከሙሉ ጋር እነሱ ቤት ቴፕ ስሰማ አመሸሁ።

አባዬ አረቄ ከተወ ሁለት ወሩ ነው። የነፍስ አባታችን «በእትዬ ውዴ አረቄ ቤት ደጃፍ ብቻህን እንዳታልፍ» ብለው ገዝተውታል። ስለዚህ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሚሠራበት ፋብሪካ በር እቀበለውና በአቦ ቤተ ክርስቲያን በኩል ዞረን እንገባለን። ገዛቹ እሳቸው፣ የምኳትነው እኔ! ያን የሚያህል ባለ ሪዝ ሰውዬ እኔ ስነዳው ግን ያስቃል።

ዛሬ ትዝ ሲለኝ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ሮጬ ስደርስ ፋብሪካው በር ላይ ማንም የለም። በአቋራጩ ስመለስ እትዬ ውዴ ቤት ውስጥ የወንዶች ሳቅ ሰማሁ። መጋረጃውን ገልጬ ማየት አቃተኝ። ባገኘውስ? ያስገባሁት እኔ ነኛ።

ቤት ስደርስ እማዬ «አባትሽስ?» አለችኝ።

«ስብሰባ አለው» አልኳት። ይኸው ጓዳ ተደብቄ እጽፋለሁ።

በሩ ተከፈተ። እማዬ «ስብሰባው አለቀ?» ስትል ሰማሁ።

«የምን ስብሰባ? አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ተገትሬ ጠብቄያት፣ ብቻዬን በአቦ ዞሬ መጣሁ። ሰናይት! አንቺ ሰናይት!»