ስለ ቢጫው ምልክት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም በቢሮዎ ደጃፍ እንዳለው አስፋልት የለሰለሰ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥሎኝ የሄደው መኪና አጣቢ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሰፈራችን ወላጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና የሚያዘገይ ጉብታ እንዲሠራልን ስንለምንዎ፣ እርስዎ ከልመናችን በላይ አስበው፣ በመኪና የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፍ «ሕፃን ተሳፍሯል» የሚል ቢጫ ምልክት ስላደሉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከብዛቱ የተነሳ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. ምልክቱ የሌላውን ሹፌር ልብ ያራራል ብለውን ነበር። እውነት መሆኑን ልይ ብዬ አንዱን በአጎቴ ታክሲ ላይ ለጠፍኩት። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ እንደ ድሮው ጡሩንባውን እየነፋ ይቀድምና፣ ሕፃኑን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ ባለ ሪዙን አጎቴን ያገኛል። ተራ አስከባሪዎቹ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የሚሉት። በእርስዎ ደግነት በስተርጅናው ሕፃን ሆነልን።

2. ከማጥባቸው መኪኖች ምልክቱ ያለበት ከሌለበት በምንም አይለይም፤ እኩል ተጋጭቷል፣ እኩል ተፋፍቋል። አንዱን ወንደላጤ ልጁ የታለ ብዬ ብነጅሰው፣ ለወደፊቱ እንዳዘጋጀው ነገረኝ። አርቆ አሳቢነቱን ከእርስዎ ሳይማር አልቀረም።

3. ፌንጣ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄኛው ምስጋና አይደለም፣ ስም ነው። እየዘለለች ስለምትሄድ ለታናሽ እህቴ እኔ ያወጣሁላት። እናቴ እሷንና ትንሹን ወንድሜን ግራና ቀኝ ይዛ ነበር የምታሻግረው። ያን ጠዋት የትንሹን የጫማ ክር ልታስር ጎንበስ ስትል ፌንጣ እንደ ልማዷ ዘለል አለች። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። የገጫት መኪና ምልክትዎ ነበረበት፣ ያውም ቀጥ ብሎ የተለጠፈ። ውሸትም አልነበረበትም፤ የኋላ ወንበር ላይ የታሰረ ሕፃን ነበር። ተመስገን፣ አንድም ነገር አልሆነም። ጩኸት ሰምቼ ሮጬ ስደርስ በመስታወቱ አየሁት፤ ሳቀልኝ። ሹፌሩ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ «እኔም እኮ የልጅ አባት ነኝ» እያለ ያለቅስ ነበር። ምልክቱ የሚነበበው ከኋላ ነው፤ እህቴ የነበረችው ከፊት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

እናቴ ትንሹን ትምህርት ቤት አልልክም ብላለች። አባቴ ቢለምናት፣ ጎረቤት ቢመክራት፣ ጉብታው ሳይሠራ ከደጅ አይወጣም ብላ በሩን ትዘጋለች። ፊደል ሳይለይ ቀርቶ እኔን እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ለአንድ ሰፈር አንድ እኔ እበቃለሁ። ጉብታ የመኪና ሆድ ይነካል ማለትዎንም ሰምተናል። አሸዋውንም ሲሚንቶውንም ሰፈሩ ያዋጣል፤ የእርስዎ መኪና ሆዷን እንዳያማት ዝቅ አድርገን እንሠራዋለን። የጎደለን ፈቃድዎ ብቻ ነው።

ከደጅዎ የማይጠፋው፣ ለጊዜው ቀልድ ያለቀበት አገልጋይዎ፣
የፌንጣ ታላቅ ወንድም

ሳልጠቅስ ያለፍኩት፦ መንገዱን በዓይንዎ ሊያዩ ከፈቀዱ እባክዎ መኪናዎን ትተው በእግርዎ ይምጡ። አይስጉ፣ እናቴ እጅዎን ይዛ ታሻግርዎታለች። እጇ ባዶ ነው።