በአንተ ስም የተነሣው ራጅ

ውድ ጣሪያው፣

ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብደውልልህ በቀልድ ታስቀይሰኝና የምለው ሁሉ ይጠፋኛል።

የጉልበትህ ቀዶ ሕክምና ጥያቄ በቀድሞ ተጫዋቾች ማኅበራችን ኮሚቴ የታየ ዕለት፣ ከአምስቱ አባላት አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የደረሰህ ወረቀት «ተቀባይነት አላገኘም» ከማለት በቀር ምክንያት አይናገርም። ከፈረሙበት አንዱ እኔ ነኝና ምክንያቱን ልንገርህ። የማኅበሩ ሐኪም የመጨረሻ ውልህን ስትፈርም የቀረበውን ራጅ ከማኅደርህ አውጥቶ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። «ቅልጥሙ ላይ የዳነ የልጅነት ስብራት አለ። ጉልበቱ ግን ምንም አይልም። ሰውየው የተጎዳው መጫወት ካቆመ በኋላ ነው» አለ። ማኅበሩ የሚያሳክመው ደግሞ በጨዋታ ዘመን የመጣን ጉዳት ብቻ ነው። የዛሬውን ራጅህን ከድሮው ጋር ያስተያየ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ቅልጥሜን አወቅሁት። ከአጥር ላይ ወድቄ የሰበርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ወረቀቱ ሲዞር ፈረምኩ። ሻይ መጣ፣ ጠጣሁ።

ያን የመጨረሻ ውልህን ለመፈረም የተመረመርክ ቀን፣ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ግራ ጉልበትህ እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ ወረቀትህን ይዘህ ተቀምጠህ ነበር። «አለቀልኝ፣ ወንበሩ» አልከኝ። ሁሌ ተቀያሪ ሆኜ ከወንበር ስለማልነሣ ያወጣችሁልኝ ስም ነበር። «ወረቀቱን ወዲህ በል» አልኩህና ስምህ ሲጠራ እኔ ገባሁ። ራጅ የምታነሣው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና «ጋዜጣ ላይ ረዘም ትል ነበር» አለች።

«ጫማው ነው» አልኳት።

ስወጣ በሳቅ ሞትን። ልጆችህ እስከ ዛሬ «ጉልበቱን ያዋሰን አጎታችን» ይሉኛል። በየልደታቸው ታሪኩን ታወራለህ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ያልነገርኩህ ይህ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አሠልጣኙ ቢሮው አስጠርቶኝ ነበር። «ጣሪያው ምርመራውን ከወደቀ ቡድኑን እንደ አዲስ ነው የምሠራው። መጀመሪያ የምትሰናበተው አንተ ነህ፣ ከአሁኑ እወቀው» አለኝ። እኔ ከኳስ ሌላ ሥራ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ከእጅህ የተቀበልኩት ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ሦስት ዓመት ተጫወትክ፣ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ። ወጌሻው ከየጨዋታው በፊት ከጉልበትህ ውኃ በመርፌ ሲቀዳ እግርህን የምይዝልህ እኔ ነበርኩ። «ጠንከር በል» እያልኩ። የራስህ ራጅ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ያሳክሙህ ነበር ይሆናል። እኔ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር እወጣለሁ፤ ትንፋሽ እንኳን አያጥረኝም።

ከስብሰባው በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

«ደረጃውን በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ልጆቹ እንዳያዩት ትምህርት ቤት እስኪሄዱ ይጠብቃል። እባክህ ወንድሜ፣ ኮሚቴው ውስጥ አለህ አይደል? አንዲት ቃል ብትናገርለት» አለችኝ።

«እስቲ አያለሁ» አልኳት። እሷም አመሰገነችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያን ምስጋና መሸከም አቃተኝ።

በማግስቱ ሄጄ ግራ እግሬን ራጅ ተነሣሁ፤ በዚህኛው ላይ የተጻፈው የራሴ ስም ነው። ለሰብሳቢውም ሁሉን ዘርዝሬ ጽፌ ሰጠሁት። ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ የሁለታችንን የዛሬ ራጅና ያን የድሮውን ጎን ለጎን ይለጥፏቸዋል። እኔ ከማኅበሩ መባረሬ አይቀርም። አንተንም አታልለሃል ብለው ያንገራግሩ ይሆናል፤ ሐሳቡ የእኔ እንደነበር ጽፌላቸዋለሁ፣ እውነትም ነው። ይፈቅዱልህ አይፈቅዱልህ አላውቅም። ቢያንስ የሚከራከሩት በራስህ ጉልበት ላይ ይሆናል።

ልጆቹን አንተ ንገራቸው። ፊታቸው ቆሜ ለመናገር ወኔው የለኝም። ለአንተም ቢሆን የጻፍኩት ፊትህን ላለማየት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አስታማሚ ካስፈለገህ ላክብኝ፤ ካላስፈለግሁህም ይገባኛል።

«አክባሪህ» ብዬ ልፈርም ነበር፤ አፈርኩ።

ወንበሩ