በየማለዳው እንግዳ ለሚሆኑት ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ሙህዲን፣ የታችኛው ሰፈር የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ከሚሴ፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሰንበቴ ያስመጧቸው ጊደሮች፣ እንዲሁም በጣራዎ ላይ የተቀመጠው ሮቶ እንደምን ከርማችኋል? የሮቶውን ደኅንነት እንኳ ሳልጠይቅም አውቃለሁ፤ ሞልቶ ሲፈስ ከአስፋልቱ ይታያል፣ አልሐምዱሊላህ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ውለታዎ በእኔ ሆድ ብቻ ቢቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ውሃው በፈረቃ ሆኖ ጎረቤት ከጎረቤት በወረፋ ሲጣላ፣ አንድ ነገር ፍጠርልን ብለው ሱቄ ድረስ የመጡት እርስዎ ነበሩ። የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ማይክሮኮንትሮለሮችን፣ ቧንቧ የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን፣ በየቤቱ ቧንቧ ላይ ገጠምኩ፤ እነሱ ብቻቸውን መነጋገር ስለማይችሉም፣ ሱቄ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ መሀል ሆኖ የሚያገናኛቸውን ፕሮግራም፣ «አገናኙ» የምለውን፣ ጫንኩ። የእያንዳንዱ ቤት ዕቃ መብራት ሲያገኝ ለአገናኙ «መጥቻለሁ» ይላል፤ አገናኙም ተራ ይይዝለታል፣ ተራው ሲደርስ ቧንቧውን ይከፍትለታል። ወላሂ፣ ከኮሚቴው ስብሰባ ይልቅ የሚደማመጡት እነሱ ነበሩ።

2. ምስጢሬን ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። በእኛ አገር እንግዳ ሳይጠጣ ባለቤት ስለማይጠጣ፣ አገናኙ አዲስ የመጣውን ቤት ከሁሉ እንዲያስቀድም አደረግኩ፤ እርስዎም ዱዓ አድርገው አጸደቁት። ለእርስዎ ብቻ፣ ሊቀመንበር ነዎትና፣ አንድ ጉድለት እንዳለው ነገርኩዎ፦ አገናኙ የሄደን ይረሳል፣ ወጥቶ የተመለሰውንም እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላል። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እኩል እንግዳ ስለምንሆን ማንንም አልጎዳም ነበር። እስካስተካክለው ለማንም እንዳይነግሩ ለመንኩዎ። አልነገሩም። ለራስዎ ብቻ አስቀሩት።

3. ይኼኛው የፋይዛ ነው። ፋይዛ ከባሏ ጋር ከባቲ መጥታ፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለውን ቤት የተከራየች አራስ ናት፤ የእንግዳው ደንብ የወጣው ለእሷ ዓይነቷ ነበር። ቧንቧዋ «መጥቻለሁ» ባለ ማግስት እርስዎ ከኋላዋ «መጥቻለሁ» አሉ፤ አገናኙ የመጨረሻውን መጤ ስለሚያስቀድም ውሃው ወደ እርስዎ ዞረ፣ ሮቶዎ እስኪሞላም ፈረቃው አለቀ። አርባዋ ሳይወጣ ልጇን አዝላ ጄሪካን ይዛ ቦርከና ወንዝ ወረደች። ስትመለስ ሱቄ በር ላይ ቆማ «አያ ሸምሱ፣ እዚህ አገር እንግዳ የምትሉት ማንን ነው?» አለችኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳት። ለእርስዎ ስል፣ ሳላውቅ፣ የገዛ እጄን ሥራ አማሁ።

በማግስቱ ማለዳ ላማክርዎ ቤትዎ ስገባ፣ የቧንቧውን ዕቃ ሶኬት ነቅለው ቢስሚላህ ብለው መልሰው ሲሰኩት አየሁዎ። አላፈሩም፤ ቁርስ ጋበዙኝ። ሠላሳ ዓመት በኖሩበት ሰፈር በየማለዳው እንግዳ ሆኖ መግባት ትልቅ ድካም ነው፣ ዘንድሮ ከስተው ያየሁዎ ለካ በዚህ ነው።

4. ይህ ወደ ራሴ ያደላል። መጀመሪያ ሰፈሩ ሲያመነታ፣ ማሽኑን ባታምኑ ሊቀመንበሩን እመኑ ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ያየሁትን ስነግራቸው ልብስ ሰፊው ዘይኑ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «እኛ መቼ ማሽኑን ጠረጠርን?» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስምዎን ትቶ በኦሮምኛ ኬሱማ፣ እንግዳው፣ እያለ ይጠራዎታል። ክብርዎ ምን ያህል እንደጨመረ ከዚህ ይረዱታል ብዬ አምናለሁ።

ጥላዎ ከላያችን፣ ሶኬትዎም ከግድግዳው እንዳይነቀል እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ሸምሱ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ
በአንድ ወቅት የእርስዎ ዋስ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ጉድለቱን ትናንት አስተካክያለሁ፤ አገናኙ ከእንግዲህ ማንንም አይረሳም፣ የነገው የመጀመሪያ ውሃም የፋይዛ ነው። የእርስዎ ልፋት ግን መና እንዳይቀር ስምዎን ከነዋሪው ዝርዝር አውጥቶ በእንግድነት ለዘለቄታው እንዲያውቅዎ አድርጌያለሁ። የኮሚቴው ደንብ ሊቀመንበሩ የሰፈሩ ነዋሪ ይሁን ስለሚል፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እንደ እንግዳ ወግ ይሸኝዎታል። ማኅተሙን ይዘው ይምጡ፤ ሲመለሱ እንዳይከብድዎ እኛ ጋ ይቀመጣል።